ሁለተኛውን ወንበር አትናቁት

ለወጣት ትራምፔት ተጫዋቾች፣ በተለይ ነገ የራሳችሁን ባንድ ለመምራት ለምታስቡ፦

ወጣቶች መሣሪያቸውን ይዘው ይመጡና ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይጠይቁኛል። «ጋሼ፣ ሶሎ እንዴት ነው የሚለመደው?» ይሉኛል። አልፈርድባቸውም። ስልካቸው ላይ የሚያዩት ሁሉ ሶሎ ነው። አንድ ሰው ፊት ለፊት ቆሞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ከፍ ያለ ድምፅ ላይ ይወጣል፤ ጭብጨባው ይቀልጣል። ከኋላ ባንዱን ማን ደግፎ እንደያዘው ግን ካሜራው አያሳይም። ስለዚህ ሶሎ ከማሳየቴ በፊት ስለ ድሮው አሜሪካዊ የጃዝ ባንድ መሪ ስለ ጆ ኦሊቨር አወራቸዋለሁ። ዛሬ ለእናንተም ስለ እሱ ልጻፍላችሁ። በዚያ ሰው ሕይወት ውስጥ የባንድ መሪ ሊይዘው የሚገባውም፣ ሊርቀው የሚገባውም ነገር አለ። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ኦሊቨር ያደገው ኒው ኦርሊንስ ውስጥ ነው። የሚጫወተው ኮርኔት ነበር። ኮርኔት ከትራምፔት አጠር ያለች፣ ድምጿም ለስለስ ያለች መሣሪያ ናት፤ አጨዋወቷ ግን ያው ነው። በዚያ ከተማ የነሐስ መሣሪያ ከሰው ኑሮ አይለይም። ለሰልፍ ይነፋል፣ ለዳንስ ይነፋል፣ ሬሳ ሲሸኝም ይነፋል። ጎበዝ የሆነ ኮርኔት ተጫዋች «ንጉሥ» ይባላል። ኦሊቨርም ኪንግ ኦሊቨር ተብሎ ቀረ።

እዚያው ከተማ በ1901 የተወለደ አንድ የድሃ ልጅ ነበር። ሉዊ አርምስትሮንግ ነው። ሉዊ ለኦሊቨር ሚስት ይላላክ ነበር። ኦሊቨር ደግሞ በምላሹ ያስተምረዋል። አንድ አሮጌ ኮርኔቱንም ሰጥቶታል። ኦሊቨር ወደ ቺካጎ ሲሄድ፣ በትሮምቦን ተጫዋቹ በኪድ ኦሪ ባንድ ውስጥ የለቀቀውን ቦታ የያዘው ይኸው ልጅ ነው። አርምስትሮንግ ዓለም ሁሉ ካወቀው በኋላም ሰውየውን የሚጠራው «ፓፓ ጆ» እያለ ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። በዚያ ዘመን ሙያውን የሚደብቅ ብዙ ነበር። ፍሬዲ ኬፐርድ የሚባል ሌላ ታላቅ ኮርኔት ተጫዋች፣ ሰው ጣቱን እያየ እንዳይቀዳበት እጁን በመሐረብ ይሸፍን ነበር ይባላል። ይህን ስሰማ የማይገርመኝ እኛም ጋ ስላለ ነው። ኖታውን አጣጥፎ ኪሱ የሚከት፣ «ይቺን ከየት አመጣሃት?» ሲባል ወሬ የሚቀይር ተጫዋች አውቃለሁ። ኦሊቨርም ቢሆን ከተፎካካሪዎቹ የሚደብቀው ነገር አያጣም ነበር። ለዚያ ልጅ ግን አልደበቀም።

በ1922 ኦሊቨር ቺካጎ ውስጥ ሊንከን ጋርደንስ በተባለ የዳንስ አዳራሽ ክሪዮል ጃዝ ባንድ የተባለውን ቡድኑን ይመራ ነበር። ሥራው ሞቅ ብሏል፣ ስሙም ገንኗል። ያኔ ለሉዊ ቴሌግራም ላከለት፤ «ና፣ ሁለተኛ ኮርኔት ሁነኝ» አለው። ልብ በሉ፣ ባንዱ አንደኛ ኮርኔት አለው። እሱ ራሱ ነው። አንድ ኮርኔት ብቻ በመኖሩ ማንም አልወቀሰውም። እሱ ግን ከጎኑ ሁለተኛ ወንበር ጨመረና ያን ወጣት አስቀመጠበት።

ሁለቱ የሚያደርጉትን ለማየት የከተማው ሙዚቀኛ ይጎርፍ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ ሙዚቃ «ብሬክ» የሚባል ነገር አለ። ባንዱ በሙሉ ለሁለት ባር፣ ማለትም ለስምንት ምት ያህል ቀጥ ብሎ ይቆማል። ያቺን ባዶ ቦታ አንድ ሰው ይሞላትና ባንዱ መልሶ ይገባል። ኦሊቨርና አርምስትሮንግ ግን ብሬኩን ለሁለት ይገቡበታል። አንዱ ዜማውን፣ ሌላው ከሥሩ የሚስማማውን ድምፅ ይዞ፣ እንደ አንድ ሰው ይወርዱታል። ኖታ የለም። ሰዉ «እነዚህ ሰዎች በምን ይነጋገራሉ?» ይል ነበር። አርምስትሮንግ በኋላ ምስጢሩን ተናግሯል። ባንዱ እየተጫወተ ሳለ ኦሊቨር ወደ እሱ ዘንበል ይልና የሚመጣውን ብሬክ በኮርኔቱ ቫልቮች፣ በጣት በሚጫኑት ቁልፎች ላይ፣ ያለ ድምፅ በጣቱ ያሳየዋል። ሉዊ ጣቱን አይቶ ዜማውን ይረዳል፤ የራሱንም ድምፅ እዚያው ያዘጋጃል።

እስቲ ይህን ሞክሩት። ከጓደኛችሁ ጋር ቁሙ። እሱ በትዝታ ወይም በባቲ ቅኝት አራት አምስት ድምፅ በቫልቭ ብቻ ያሳያችሁ። ነፍታችሁ መልሱለት። ያን ጊዜ አንድ ነገር ይገባችኋል። በትራምፔት አንድ ዓይነት አጨባበጥ ብዙ ድምፅ ያወጣል፤ የትኛው እንደሆነ የሚወስነው ከንፈርና ትንፋሽ ነው። ስለዚህ ጣት ማየት ብቻውን አይበቃም። ሉዊ ዜማው ወዴት እንደሚሄድ በጆሮው ቀድሞ ማወቅ ነበረበት። ሁለተኛው ወንበር ያስተማረው ይህን ነው። ከዚያ በኋላ ያየነው ሁሉ፣ ያ ድፍረቱ፣ ያ የድምፅ ስፋቱ፣ ሌላውን ሰው እያዳመጠ ካደገ ጆሮ የወጣ ነው ብዬ አምናለሁ።

በሚያዝያ 1923 ባንዱ ኢንዲያና ውስጥ ሪችመንድ ወደምትባል ከተማ ሄዶ ለጌኔት ኩባንያ ሸክላ ቀረጸ። ስቱዲዮው የፒያኖ ፋብሪካ ግቢ ውስጥ፣ ባቡር ሐዲድ አጠገብ ነበር። ባቡር ሲያልፍ ቀረጻው ይቆማል። ማይክራፎን ለሸክላ ቀረጻ ገና አልመጣም። ሁሉም በአንድ ትልቅ ቀንድ መሰል ማስገቢያ ዙሪያ ተሰብስበው ይነፋሉ። ማመጣጠኛ መሣሪያ ስለሌለ ድምፅ የሚመጣጠነው ሰውን በማራቅና በማቅረብ ነው። የባንዱ ፒያኒስት ሊል ሃርዲን እንዳወራችው፣ የሉዊ ድምፅ የኦሊቨርን ስለሸፈነው ከሌሎቹ ርቆ ብቻውን እንዲቆም ተደረገ። ሉዊ ተከፍቶ ቆሞ ነበር። እሷ ግን ያን ቀን የሰማችው ሌላ ነገር ነው፤ ይህ ልጅ ከመሪው እንደሚበልጥ።

ሸክላዎቹ ዛሬ በቀላሉ ይገኛሉ። ስታዳምጡ ድምፁ የተጨናነቀ ይመስላችኋል። ታገሡት። አንድ ጊዜ ኮርኔቱን ብቻ ተከተሉ። ዜማውን ይዞ ነው የሚሄደው፤ አይጮህም፣ አይባክንም። ክላርኔቱ ከላይ ይሽከረከራል፣ ትሮምቦኑ ከታች ይንሸራተታል። በእኛ ሠርግ ቤት አውጪው ዘፈኑን ቀጥ አድርጎ ካልያዘ ተቀባዩ እንደሚበተነው ሁሉ፣ እዚያም ኮርኔቱ ዜማውን ከለቀቀ ሁሉም ይበተናል። የባንድ መሪ የሆነ ትራምፔት ተጫዋች የመጀመሪያ ሥራው ይህ ነው። ዜማውን መያዝ። ሶሎው ከዚያ በኋላ ይመጣል።

አሁን ወደሚከብደው ልግባ። ሊል ኋላ ላይ ሉዊን አገባችው። እሷ እንደተናገረችው፣ ኦሊቨር አንድ ቀን ሉዊ ከእሱ እንደሚሻል አምኖላታል። «ግን ከእኔ ጋር እስካለ ድረስ አይቀድመኝም» የሚል ሐሳብም ጨምሮበታል። ይህን ያነበብኩ ቀን ተከፋሁ። ያ ሁሉ ደግነት ለዚህ ነበር ወይ አልኩ። ቆይቼ ሳስበው ግን ሁለቱም እውነት ነው። ሰው ልጁን ይወዳል፣ ቦታውንም ይፈራል። መሪ ስትሆኑ ይህ ስሜት ይመጣባችኋል፣ አይቀርላችሁም። የሚለየው ከዚያ በኋላ የምታደርጉት ነው። ሊል ሉዊን «አንተ ሁለተኛ አይደለህም» እያለች ገፋችው፤ በ1924 ወጥቶ ኒው ዮርክ ወደ ፍሌቸር ሄንደርሰን ባንድ ገባ። እኔ ብጠየቅ፣ ኦሊቨር ራሱ ሻንጣውን ይዞ ጣቢያ ድረስ ቢሸኘው እመኝ ነበር።

ያ ባንድ የፈረሰው ግን በዚህ ብቻ አይደለም። በገንዘብም ነው። ከበሮ መቺው ቤቢ ዶድስ እንደተረከው፣ ከሸክላው የሚመጣውን ክፍያ ኦሊቨር ቼኩን ሊያሳያቸው አልፈለገም። ተጠራጠሩ። ዶድስና ክላርኔት ተጫዋቹ ወንድሙ ጥለው ሄዱ። ኦሊቨር ሰርቋቸው ይሁን አይሁን አልፈርድም። እኔን የሚቆጨኝ አንድ ወረቀት አለማሳየት እንደዚያ ያለ ባንድ መበተኑ ነው። ስለዚህ አደራ የምለው ይህን ነው፦ የሠርግም ይሁን የክለብ ሥራ ስትይዙ ውሉን ለሁሉም አሳዩ። ቅድሚያ ክፍያ ስንት ተቀበላችሁ? ቀሪው መቼ ይመጣል? መሪው ስንት ይወስዳል? ሁሉም ከልምምድ በፊት ይወቀው። መሪ ከሌላው በለጥ ያለ ድርሻ ቢወስድ ነውር የለውም፤ ስልኩንም የሚያነሳው፣ ዕዳውንም የሚሸከመው እሱ ነው። ነውሩ መደበቁ ነው።

ስለ ጥርስ ደግሞ ስሙኝ። ትራምፔት የሚነፋው በከንፈር ቢሆንም ከንፈሩ የሚያርፈው የፊት ጥርስ ላይ ነው። ጥርሱ ከተነቃነቀ ድምፁ ይሄዳል። ኦሊቨር ስኳር በጣም ይወድ ነበር፤ ዳቦ ውስጥ ስኳር ከቶ ይበላ ነበር ይባላል። ድዱ ታመመ፣ ጥርሶቹ እያለቁ መጡ። በ1920ዎቹ መጨረሻ በራሱ ስም በሚወጡ ሸክላዎች ላይ ሶሎውን ለሌሎች ይሰጥ ጀመር። ለአንድ ትራምፔት ተጫዋች ከዚህ የባሰ ምን አለ?

ስለዚህ ጥርሳችሁን ሳያማችሁ ለሐኪም አሳዩት። ማታ ሥራ ጨርሳችሁ ስትገቡ ሳትቦርሹ አትተኙ። ማውዝፒሱን፣ ከንፈር የሚያርፍበትን የመሣሪያውን ጫፍ፣ እጠቡት፤ የሰው ማውዝፒስ አትዋሱ። ጫት ቅማችሁ፣ አፋችሁ ደርቆ መድረክ የምትወጡ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እንደ አባት ልንገራችሁ፤ ተዉት። ከፍ ያለ ድምፅ አልመጣ ሲል ደግሞ ማውዝፒሱን ከንፈር ላይ አትደፍጥጡ። አርምስትሮንግ ራሱ በዚህ ተጎድቷል፤ በ1930ዎቹ ከንፈሩ ተሰንጥቆበት ለወራት ሥራ አቁሟል። ጠዋት ረጃጅም ድምፆችን ቀስ ብላችሁ ንፉ። የነፋችሁትን ያህል እረፉ። ልምምድ ማለት ሳያቋርጡ መንፋት የሚመስለው ልጅ ቶሎ ይቃጠላል።

ኦሊቨር በ1927 ኒው ዮርክ ሳለ ሃርለም ያለው ኮተን ክለብ ሥራ አቀረበለት። ክፍያው አነሰኝ ብሎ ተወው። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ቦታውን የያዘው ሌላው የባንድ መሪ ዱክ ኤሊንግተን ነው። ከዚያ ክለብ ሙዚቃው በሬዲዮ ይተላለፍ ነበርና ኤሊንግተን በመላው አሜሪካ ታወቀ። በርካሽ ሥሩ ማለቴ አይደለም። ዋጋችሁን እወቁ፣ ተከራከሩ። ግን ዋጋ ስትተምኑ የዚያችን ማታ ገንዘብ ብቻ አትቁጠሩ። ቦታው ቋሚ ነው ወይ? ባንዱ በየቀኑ አብሮ ይሠራበታል ወይ? ሰው ይሰማናል ወይ? እነዚህም ክፍያ ናቸው።

ከዚያ በኋላ ያለውን በአጭሩ ልለፈው፤ መጻፉም ይከብደኛል። የኢኮኖሚ ውድቀቱ መጣ። ኦሊቨር በብልሽት በሚቆም አውቶቡስ ደቡቡን እየዞረ ባንድ ይዞ ለመቆየት ታገለ። መጨረሻው ጆርጂያ ውስጥ ሳቫና ሆነ። ፍራፍሬ ሸጠ፣ የፑል ቤት ጽዳት ሠራተኛ ሆነ። ለእህቱ በጻፈው ደብዳቤ ወደ ኒው ዮርክ ለመመለስ ሳንቲም እያጠራቀመ እንደሆነ፣ 1 ዶላር ከ60 ሳንቲም እንደደረሰለት ይነግራታል። በ1937 አርምስትሮንግ ለሥራ ሳቫና ሲደርስ አገኘው፤ ኪሱ ያለውን አውጥቶ ሰጠው። ኦሊቨር በ1938 ሚያዝያ ሞተ።

የነሐስ ሙዚቃ በእኛም አገር የተስፋፋው በዚያው ዘመን ነው። የኦሊቨር ሸክላ በወጣ በዓመቱ፣ በ1924፣ ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች አምጥተው ባንድ አቋቋሙ። አርባ ልጆች የምንላቸው ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር። ከዚያ የክብር ዘበኛው፣ የፖሊሱ፣ የቴአትር ቤቱ ኦርኬስትራዎች መጡ። እኔም ያደግሁት እዚያ ጥላ ሥር ነው፤ ሦስት ትራምፔት ጎን ለጎን ተቀምጦ፣ ሦስተኛው ሁለተኛውን፣ ሁለተኛው አንደኛውን እየሰማ። በኋላ ኪቦርዱ መጣና በየክለቡ የነፊዎችን ቦታ ያዘ። ርካሽ ነው፣ አንድ ሰው ይበቃዋል። ብዙ ጎበዝ ተጫዋች መሣሪያውን ሰቀለ። ከሁሉ በላይ የጎዳን ግን ያ የወንበር ተራ መቅረቱ ነው። ወጣቱ አሁን ብቻውን ክፍሉ ውስጥ ይለማመዳል፤ ከጎኑ ዘንበል ብሎ ጣቱን የሚያሳየው ሰው የለም።

እንግዲህ ባንድ ስትመሠርቱ፣ በጀቱ ቢጠብም፣ ሁለተኛ ትራምፔት ቅጠሩ። ከእናንተ የሚያንስ አትፈልጉ፤ ነገ የሚበልጣችሁን ፈልጉ። የእሱን ድምፅ ጻፉለት፣ ካልቻላችሁም አብራችሁ በጆሮ አውጡት። በየዝግጅቱ ቢያንስ አንድ ቁራጭ አንደኛውን እሱ ይንፋ፤ እናንተ ሁለተኛውን ያዙ። የሚሄድበት ቀን ሲደርስ ቀድማችሁ ለሌሎች መሪዎች ደውሉለት። ተተኪውንም እሱ ራሱ ያምጣላችሁ፤ አስተምራችሁት ከነበረ ያመጣል።