ተንከባካቢዋን ከማሠልጠንሽ በፊት ይቺን አንብቢ

እህቴ፣ «ወንድሜ 28 ዓመቱ ነው፤ ሴሬብራል ፓልሲ (ጡንቻን ማዘዝ የሚያስቸግር የአንጎል ጉዳት) አለበት፣ አይናገርም። አዲስ ተንከባካቢ ቀጥረናል፤ እንዴት ይግባቡ?» ላልሽው ነው። እኛም እዚሁ ባሕር ዳር ነን፣ የእኔም ወንድም እንደዚያው ነው። ማጠቡንና ማጉረሱን ታውቂዋለሽ፣ ልለፈው።

1. «አዎ» እና «አይ» የሚልበትን ምልክት ትወቅ። የእኛው «አዎ» ሲል እንደ ማናችንም ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳብ ያደርጋል። «አይ» ሲል ዓይኑን ወደ ግድግዳ ያዞራል። አንድ ክሊኒክ ወሰድነው። ሲስተሯ «ሆዱን ያመዋል?» ብላ እኔን ጠየቀችኝ። እሱን ጠይቂው አልኳት። ጠየቀችው፣ ትንፋሹን ሳበ። ካርዱ ላይ ምን ብትጽፍ ጥሩ ነው? «የመተንፈስ ችግር»! ተንከባካቢያችን የዘጌ ልጅ ናት፤ «ኧረ ሲስተር፣ አዎ እያለዎት ነው!» አለቻት። እንዴት እንደኮራሁባት! ሲስተሯ ግን «ሐኪሟ አንቺ ነሽ?» ብላ አስወጣቻት። ካርዱም እንደዚያው ቀረ። አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት ያጸደቀችው በ2002 ዓ.ም. ነው፤ እዚያ ክሊኒክ ገና አልደረሰም። ከዚያ ወዲህ ዊልቸሩ ላይ ወረቀት አንጠልጥለናል፦ «እሰማለሁ። እኔን ጠይቁኝ። አዎ ስል ትንፋሼን እስባለሁ።» አንቺም ዛሬውኑ ጻፊ።

2. ጠይቃ ዝም ትበል። «ሻይ ነው ቡና?» አይሠራም፤ በ«አዎ» ወይም በ«አይ» አይመለስም። «ሻይ ልስጥህ?» ብላ በልቧ እስከ አስር ትቁጠር። ሰምቶ፣ አስቦ፣ ጡንቻው እስኪታዘዝለት ጊዜ ይወስዳል። የእኛዋ ዝምታ አትችልም ነበር፤ ሦስት ጥያቄ ትደራርብበታለች። አንድ ቀን አፏን ውሃ አስሞልቼ፣ እጇን አስሬ አስቀመጥኳት። ዓይኗ እያየ ቡናዋ ላይ ጨው ጨምሬ «ይጣፍጥሻል? ልድገምሽ? ወይስ በቃሽ?» እያልኩ አጣደፍኳት። ልትፈነዳ ደረሰች። ከዚያ በኋላ መጠበቅ ቻለችበት።

ደግሞ እምቢ ካለ እምቢ ነው። ዓይኑን አዙሮ ማንኪያው ከመጣበት ነገ ምልክቱንም ይተወዋል፣ ምን ሊረባው? መድኃኒት ከሆነ ለምን እንደሚሰጠው ትንገረው። እኛ ጋ ነጠላ ማሳየት ቤተ ክርስቲያን እንሂድ ማለት ነው። ወር በገባ በ23 እናቴ ነጠላውን ታሳየዋለች፣ አንዳንዴ ዓይኑን ያዞርባታል። «ጊዮርጊስ ነው እኮ!» ብላ ትቆጣለች። ልጅቱ «እማማ፣ እምቢ ብሏል» ትላታለች። ቤት ውስጥ እናቴን የምትደፍር እሷ ብቻ ናት፤ ደሞዟን የጨመርኩላትም ለዚሁ ነው።

ጆሮውን ካላስመረመርሽው ግን ከሁሉም በፊት እሱን አድርጊ። የትኛው ክሊኒክ እንዳትሄጂ በኢንቦክስ እነግርሻለሁ።