የደባለቀው ጠርሙስ

ልጆቼ፣

ቦክስ ማሠልጠን ከጀመርኩ ሠላሳ ዓመት ሊሆነኝ ነው። ከሁሉ በላይ እጄ የለመደው ሥራ ፋሻ መጠቅለል ነው። አንጓውን አጥብቄ፣ በአውራ ጣት አዙሬ፣ «ጨብጥ እስቲ» እላለሁ። በትልልቅ የፕሮፌሽናል ግጥሚያዎች ፋሻ ሲጠቀለል የተጋጣሚው ወገን ቆሞ ያያል። ሲያልቅ ተቆጣጣሪ ይፈርምበታል። ፋሻ ውስጥ የተደበቀ ነገር ሌላ ሰው ፊት ላይ ስለሚያርፍ ነው ይህ ሁሉ ጥንቃቄ።

ሰሞኑን አንድ ጎበዝ ልጅ ከልምምድ በኋላ ቀረብ ብሎ፣ «ጋሼ፣ አበረታች ቅመም ሁሉም የሚወስድ ከሆነ እኔ ብወስድ ማንን በደልኩ?» አለኝ። ከልቡ ነው የጠየቀኝ። እኔም ከልቤ ልመልስለት ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

ፓናማ ሉዊስ የሚባል አሠልጣኝ ነበር። ኅዳር 1982 እ.ኤ.አ. ማያሚ ላይ አሮን ፕራየር ከአሌክሲስ አርጌዮ ጋር ሲጋጠም በፕራየር ጥግ የቆመው እሱ ነው። ከ13ኛው ዙር በኋላ ውኃ ሲቀርብለት ያንን ተወውና ሌላኛውን፣ እኔ የደባለቅሁትን ጠርሙስ አምጣ ሲል የቴሌቪዥን ማይክራፎን ቀዳው። ፕራየር በ14ኛው ዙር እንደ አዲስ ሰው ወጣ። አርጌዮን በቡጢ አጣድፎ ጣለው። አርጌዮ ወለሉ ላይ ለብዙ ደቂቃ ተዘርሮ ቆየ። ከግጥሚያው በኋላ የሽንት ምርመራ አልተደረገም። ጠርሙሱ ውስጥ ምን እንደነበረ እስከ ዛሬ አልተረጋገጠም።

ሰባት ወር አለፈ። ሰኔ 1983 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ፣ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን። ፓናማ ሉዊስ አሁን የቆመው ሉዊስ ሬስቶ በሚባል ቦክሰኛ ጥግ ነው። ተጋጣሚው ቢሊ ኮሊንስ የ21 ዓመት ልጅ ነው፤ ተሸንፎ አያውቅም። አሥር ዙር ሙሉ ተቀጠቀጠ። ፊቱ አብጦ ዓይኖቹ ተደፈኑ። በመጨረሻ አባቱ፣ አሠልጣኙም እሱ ነው፣ የሬስቶን እጅ ሊጨብጥ ሄደ። ጓንቱን ሲይዘው ሳሳበት። ከእያንዳንዱ ጓንት ወደ 28 ግራም የሚሆን ሙሌት ወጥቶ ነበር። የኮሊንስ ዓይን ተጎድቶ ቀረ፤ ዳግም ሪንግ ላይ አልወጣም። ከዘጠኝ ወር ገደማ በኋላ በመኪና አደጋ ሞተ። ሬስቶና አሠልጣኙ ታሠሩ። ከተፈረደባቸው ወንጀሎች አንዱ መሣሪያ መያዝ ነው። መሣሪያ የተባለው ቡጢው ነበር።

እነዚህን ሁለት ታሪኮች ለዓመታት ጎን ለጎን ሳስባቸው ኖሬያለሁ። ጓንቱ ሲሳሳ ሁላችንም ወንጀል መሆኑ ይገባናል። ቅመም ደም ውስጥ ሲገባ ግን «ስፖርት ነው፣ ሁሉም ያደርገዋል» እንላለን። የሚያርፈው እኮ እዚያው ፊት ላይ ነው! ሯጭ አበረታች ቅመም ቢወስድ የሌላውን ሜዳሊያና ገንዘብ ይወስዳል። ይህም ትልቅ በደል ነው። ቦክሰኛ ሲወስድ ግን የሌላውን ልጅ ጭንቅላት ነው የሚነካው። ያ ልጅ ሪንግ ላይ ሲወጣ ለመመታት ተስማምቷል፣ እውነት ነው። የተስማማው ግን በአንተ ጉልበት ለመመታት ነው። በዘጠነኛው ዙር እንደ እሱ ደክመህ እንደምታገኘው አምኖ ነው የወጣው።

ቅርብ ጊዜ የሆነውንም ታስታውሱታላችሁ። ሚያዝያ 2024 እ.ኤ.አ. ብሩክሊን ላይ ራያን ጋርሲያ ዴቪን ሄኒን ሦስት ጊዜ ጣለው። ከመጀመሪያውም ጋርሲያ ከተወሰነው ክብደት ወደ አንድ ኪሎ ተኩል አልፎ ነው የመጣው። በኋላ በምርመራው ኦስታሪን የሚባል የተከለከለ ንጥረ ነገር ተገኘ። እሱ ሆን ብዬ አልወሰድኩም ብሏል። ውጤቱ ተሰረዘ፣ አንድ ዓመት ታገደ። ሄኒ ሦስት ጊዜ ሲወድቅ የመጣበትን ምት ግን የሚሰርዝለት የለም።

«ዱቄቱ ውስጥ ምን እንዳለ አላወቅሁም» ማለት ከተጠያቂነት አያድናችሁም። ደንቡ ሰውነታችሁ ውስጥ ለተገኘው ነገር እናንተን ነው የሚጠይቀው። ስለዚህ ከውጭ በሻንጣ የመጣ፣ ጓደኛ «ምርጥ ነው» ያለውን ዱቄት ዝም ብላችሁ አትጠጡ። እኛ አገር የፀረ አበረታች ቅመሞች ባለሥልጣን አለ። ሄዳችሁ ጠይቁ። ሐኪም መድኃኒት ሲያዝላችሁም ስፖርተኛ ነኝ በሉ።

የሚያሸና ክኒንም በክልከላው ዝርዝር ውስጥ እንዳለ ብዙዎቻችሁ አታውቁም። ክብደት ለማውረድ የሚዋጥ ስለሆነ እንደ ዶፒንግ አይታይም። እኔ ግን በጣም የምፈራው እሱን ነው። ውኃ ያለቀበት ልጅ ጭንቅላቱን ሲመታ አደጋው የራሱ ነው። ከሚዛን በኋላ ጠጥቶ በልቶ ካገገመ ደግሞ በተፈጥሮው ከሚያንስ ልጅ ጋር ይጋጠማል።

ይህን የማውቀው ስለሠራሁት ነው። የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ ወደ አንድ ክፍለ ሀገር ለውድድር ሄድን። ሚዛን የሚመዘኑበት ቀን ጠዋት መታጠቢያ ቤት ውስጥ ባዶ የክኒን ማሸጊያ አገኘሁ። የማን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። የማሠለጥነው ልጅ ማታ ሦስት ኪሎ ማውረድ ይቀረው ነበር፤ ጠዋት ልክ ገባ። በዚያ ዓመት ሜዳሊያ አልነበረንም። ማሸጊያውን ኪሴ ከተትኩና ዝም አልኩ።

ተጋጣሚው ትከሻው የጠበበ፣ ቀጭን ልጅ ነበር። ቁምጣው ሰፍቶት በገመድ አስሮታል። በሁለተኛው ዙር ልጄ በቀኙ አገኘውና በዝረራ ጣለው። ዳኛው ቆጥሮ ጨረሰ፣ ልጁ አልተነሣም። አንዲት ሴት፣ እናቱ ትሁን አክስቱ እንጃ፣ ነጠላዋን ጥላ ወደ ሪንጉ ሮጠች። የእኛዎቹ እየጨፈሩ ነበር። በኋላ ደግፈውት በእግሩ ሲወጣ አየሁት፤ ግን በሩን ስቶ ወደ ግድግዳው ነበር የሄደው።

በቀጣዩ ዓመት እዚያው ስንመለስ ከእነሱ ቡድን መሀል በዓይኔ ፈለግሁት። አልነበረም። ስሙን አላውቅም ነበርና ማንን ብዬ እንደምጠይቅም ጠፋኝ።