ማኅበሩ ሳይመዘገብ ዋጋው ተመዝግቧል

ጥያቄ፦ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ የቤት ካሜራ፣ የዋይፋይ ኔትወርክ፣ የቴሌቪዥንና የድምፅ ሲስተም ገጠማ እሠራለሁ። እዚሁ ሥራ ላይ ያለን 14 ሐበሾች፣ ከዲሲና ከሜሪላንድም ጭምር፣ የሙያ ማኅበር ልናቋቁም ተስማምተን እኔ ሊቀመንበር ሆኜ ተመርጫለሁ። ለትርፍ ያልቆመ ማኅበር ሆኖ እንዴት ይመዘገባል? መዋጮውስ ከታክስ ይቀነሳል? ዓላማችን መረዳዳትና ገበያውን ማስተካከል ነው፤ ሁሉም በየራሱ ዋጋ እየሠራ ሙያው ረክሷል።

መልስ፦ የጠየቁኝን ቶሎ ልጨርሰውና ወዳልጠየቁኝ ልሂድ።

በቨርጂኒያ አክሲዮን የሌለው ኮርፖሬሽን ሆናችሁ በስቴቱ ኮርፖሬሽን ኮሚሽን ትመዘገባላችሁ። ከአይአርኤስ፣ ከፌዴራሉ የግብር መሥሪያ ቤት፣ የድርጅት መለያ ቁጥር ትወስዳላችሁ፤ ከዚያ ፎርም 1024 በኢንተርኔት ሞልታችሁ የ501(ሲ)(6) ደረጃ፣ ማለትም ለንግድና ለሙያ ማኅበራት የሚሰጠውን ከግብር ነፃ መሆን፣ ትጠይቃላችሁ። ብዙዎች የሚያውቁት 501(ሲ)(3) የበጎ አድራጎት ነው፤ የእናንተ አይደለም። ስለዚህ መዋጮው እንደ ስጦታ አይቀነስም። አባላት እንደ ሥራ ወጪ ሊቀንሱት ይችላሉ፤ ለሎቢ፣ ሕግ አውጪዎችን ለማግባባት፣ የዋለው ድርሻ ግን አይቀነስም። የዓመት ገቢያችሁ በአብዛኛው ከ50,000 ዶላር ካላለፈ ፎርም 990-ኤን የሚባለው አጭር ዓመታዊ ማስታወቂያ ይበቃችኋል፤ 3 ዓመት ተከታትሎ ካልገባ ግን ደረጃው በራሱ ይሰረዛል። መተዳደሪያ ደንቡን ከመፈረማችሁ በፊት ጠበቃ ይየው።

አሁን «ገበያውን ማስተካከል» ወዳሉት እንምጣ። ወንድሜ፣ ደብዳቤዎ ውስጥ የጎደለ ነገር አለ። ገና ያልተመዘገበ ማኅበር ሊቀመንበር ሲመርጥ ስብሰባ ነበረ ማለት ነው፤ ስለ ዋጋ መርከስ የተማረረ ስብሰባ ደግሞ ስለ ዋጋ ሳይነጋገር አይበተንም። ግምቴን ልንገርዎ፦ ቴሌግራም ላይ ግሩፕ አላችሁ። እዚያ ውስጥ ቴሌቪዥን ለመስቀል ይህን ያህል፣ ለአንድ ካሜራ ይህን ያህል፣ «ከዚህ በታች ማንም አይሥራ» የሚል ዝርዝር አለ። ምናልባትም የሲልቨር ስፕሪንግን ደንበኛ ለእነ እገሌ እንተው ተባብላችኋል። ተሳስቼ ከሆነ ደስ ይለኛል። ካልተሳሳትኩ ግን ምዝገባው ይቆይ።

ከ1890 ጀምሮ ያለው የሼርማን ሕግ ተወዳዳሪ ነጋዴዎች ዋጋ እንዲወስኑ ወይም ደንበኛና ሰፈር እንዲከፋፈሉ አይፈቅድም። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ይያዙልኝ።) ወንጀል ነው፤ ለግለሰብ እስከ 10 ዓመት እስራትና 1 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት፣ ለኩባንያ እስከ 100 ሚሊዮን ዶላር። የተጎዳ ደንበኛ በፍትሐ ብሔር ሲከስ ጉዳቱ 3 እጥፍ ሆኖ ከጠበቃ ወጪ ጋር ይከፈለዋል። የየስቴቱም ሕግ በላዩ አለ።

ሰዎች ደጋግመው የሚወድቁበት ጉድጓድ ማኅበሩ ራሱ ነው። ሁለት ነጋዴዎች ቡና ላይ ዋጋ ቢስማሙ ጥፋት መሆኑን ሁሉም ያውቀዋል፤ 14 ሰዎች ሰብሳቢና ቃለ ጉባኤ ይዘው ሲስማሙ ግን ሕጋዊ ይመስላቸዋል። በሕግ ዓይን ቃለ ጉባኤው ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል እንጂ ከለላ አይሆንም። «ትንሽ ነን» ማለት አያድንም፤ በዋጋ ስምምነት ላይ ዓቃቤ ሕግ የገበያ ድርሻችሁን ማስረዳት አይጠበቅበትም። «ዋጋው ተመጣጣኝ ነው» ማለትም አያድንም፤ ዳኛው ያንን አይመዝንም።

«ዝቅተኛውን ብቻ ነው የወሰንነው» የሚሉም አይጠፉም። ለዚህ መልሱ ከቤትዎ አጠገብ አለ። ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ ቤት የሚገዙ ባልና ሚስት የባለቤትነት ማረጋገጫውን የሚመረምርላቸው ጠበቃ ፈለጉ። የጠበቆቹ ማኅበር ዝቅተኛ ዋጋ አውጥቶ ነበርና ለ36 ጠበቆች ጽፈው ከመለሱላቸው 19 አንዱም ከዚያ በታች እሠራለሁ አላለም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1975 ይህ የዋጋ ስምምነት ነው ሲል ወሰነ። ጥፋቱ የእኔው የሙያ ጓደኞች መሆኑን ሳልደብቅ ነው የምነግርዎ።

አንድ ቀዳዳ ያየ አንባቢ «ምክር ብቻ ቢሆንስ?» ይላል። ፍርድ ቤቱም ዝርዝሩ ንጹሕ ምክር ቢሆን ኖሮ ሌላ ጥያቄ ይሆን እንደነበር ጠቅሷል። በዚህ አይደገፉ። መርማሪው የሚጠይቀው ከዝርዝሩ በታች የሠራው አባል ምን እንደደረሰበት ነው። ተወቅሶ ከሆነ፣ ከግሩፑ ወጥቶ ከሆነ፣ ሥራ መቀባበል ከተከለከለ ምክር የሚለው ቃል አያድናችሁም። ያለፈ ዋጋ መለዋወጥም እንደ ድሮው አይደለም፦ ቢያንስ የ5 ድርጅቶችን፣ ከ3 ወር በላይ የቆየ መረጃ፣ በገለልተኛ ወገን ተሰብስቦ ሲወጣ ከለላ ይሰጥ የነበረው የመንግሥት መመሪያ በ2023 ተነሥቷል።

ታዲያ ማኅበር ምን ይሠራል? ከእናንተ ብዙም ሳይርቅ አርሊንግተን ውስጥ የኤሌክትሮኒክስ ኩባንያዎች ማኅበር የሆነው ሲቲኤ አለ። በ1924 የሬዲዮ አምራቾች ማኅበር ሆኖ የተጀመረ፣ ሲኢኤስ የሚባለው የኤሌክትሮኒክስ ትርኢት ባለቤት ነው። ተፎካካሪ ኩባንያዎች እዚያ ተቀምጠው በቴሌቪዥን ላይ የጽሑፍ መግለጫ እንዴት እንደሚታይ ቴክኒካዊ ደረጃ ይጽፋሉ። በ1989 የተቋቋመው ሴዲያ የተባለው የቤት ቴክኖሎጂ ገጣሚዎች ማኅበር ደግሞ የእናንተኑ ሙያ ያሠለጥናል፣ የብቃት ምስክር ወረቀትም ይሰጣል። ሥልጠና፣ የሥነ ምግባር ደንብ፣ ዋጋው ባዶ የተተወ የውል ናሙና፣ በቡድን የሚገዛ ኢንሹራንስ ለእናንተም ይሆናሉ። አጀንዳው አስቀድሞ ተጽፎ ጠበቃ ይየው፤ ወሬው ወደ ዋጋ ከዞረ ሰብሳቢው ያቁመው፣ ማቆሙም ይጻፍ። በማኅበሩ ማኅተም ስለ ሌላ ሰው ሥራ ደብዳቤ ከመጻፍም ይጠንቀቁ፦ በ1982 አንድ የመሐንዲሶች ማኅበር የኮሚቴ ሰዎቹ በስሙ በጻፉት፣ ተፎካካሪን በጎዳ ደብዳቤ ራሱ ተጠያቂ ሆኗል።

ይህን ያነበበ ሰው መጀመሪያ እጁ የሚሄደው ግሩፑን ወደ ማጥፋት ነው። አያጥፉ! ምርመራ ሊመጣ ይችላል ብሎ ማስረጃ ማጥፋት ለብቻው እስከ 20 ዓመት የሚያስቀጣ የፌዴራል ወንጀል ነው። መልእክቶቹ በራሳቸው እንዲጠፉ የተደረገ ከሆነ ዛሬ ያስቁሙት። ዋጋ የሚነሳበት ስብሰባ አይጥሩ፣ ዝርዝሩንም አይላኩ፣ አይጠቀሙበት። ዝም ብሎ መቅረት ከስምምነት መውጣት አይደለም፤ መውጣት ግልጽ እርምጃ ይፈልጋል። ያንን ለብቻዎ አይጻፉት፣ ለሌሎቹ 13ም አስቀድመው አይንገሩ። የፍትሕ ሚኒስቴሩ የምሕረት ፕሮግራም ከክስ የሚያድነው ቀድሞ የመጣውን አንዱን ብቻ ነው፤ እንደታወቀም ሳይዘገይ ማመልከትን ይጠይቃል። ለዚህ ነው የማኅበሩ ጠበቃ የእርስዎ ጠበቃ ሊሆን የማይችለው።

በዚህ ሳምንት በአንቲትረስት (የንግድ ውድድር ሕግ) ጉዳይ የሠራ የራስዎን ጠበቃ ይያዙ። ሲሄዱ የግሩፑን ሙሉ ታሪክ የያዘውን ስልክ፣ የዋጋ ዝርዝሩንና ማን መቼ እንደላከው፣ የስብሰባ ማስታወሻዎችን፣ የመዋጮ ደረሰኞችን፣ ስምምነቱ ከመጣ በፊትና በኋላ ለደንበኛ የሰጧቸውን የዋጋ ማቅረቢያዎች ይዘው ይሂዱ። የምዝገባ ቅጾቹን ቤት ይተዋቸው።