ጂሌ፣ ጊሌት ወይስ ሰደርያ?

ጥያቄ፦ ኢንተርኔት ላይ «የወንዶች ጊሌት» የሚል የልብስ ማስታወቂያ አየሁ። ፎቶው ላይ ያለው እጅጌ የሌለው፣ ጥጥ የተሞላ ጃኬት ነው። ጓደኛዬ «ጅሌ ነው የሚባለው» አለችኝ። አባቴ ደግሞ «ሰደርያ በሉት፣ ምን ያጨቃጭቃችኋል» አሉ። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ አባትዎ።

«ጊሌት» ከሁሉም ይከፋል። ቃሉ ፈረንሳይኛ ነው፤ መጨረሻው ላይ ያለችው «ት» ትጻፋለች እንጂ አትነበብም። ፈረንሳዮች «ዢሌ»፣ ጣልያኖች «ጂሌ» ነው የሚሉት። በዚያ ላይ «ጊሌት» ሲባል የሰማ ሰው «ጂሌት» የሚባለውን ምላጭ የሚሸጥ ሊመስለው ይችላል።

የጓደኛዎም «ጅሌ» ጣጣ አላት። በሳድሱ «ጅ» ሲጻፍ በአማርኛ «የእኔ ጅል» ማለት ነው። «ጅሌን ይዤው ወጣሁ» ቢሉ ሰው ባልዎን ይጠረጥራል። የግድ የውጩን ቃል ካሉ በ«ጂ» ይጻፉት።

«ሰደርያ»ም ቢሆን የውሰት ነው፤ ከዓረብኛ የመጣ። «ሰድር» ደረት ነው። የደረት ልብስ እንደማለት። ግን ከቆየ ቆየና የእኛው ሆነ።

የሚገርመው ጂሌም መነሻው እዚያው ሰፈር ነው። ቱርኮች እጅጌ የሌለውን ልብስ ዛሬም «የለክ» ይሉታል። ቃሉ በኦቶማኖች ዘመን ወደ ሰሜን አፍሪካ ዓረብኛ ገባ፤ እዚያ የተማረኩ ክርስቲያኖች የሚለብሱት ልብስም በዚሁ ስም ተጠራ። ከዚያ እስፓኞች ወሰዱት፣ ከእስፓኞች ፈረንሳዮች። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የፈረንሳይ መኳንንት በሐር ላይ ጥልፍ እያስጠለፉ የሚያጌጡበት ልብስ በምርኮኛ ልብስ ስም ይጠራ ነበር ማለት ነው!

እንግሊዞች ሌላ መንገድ ሄዱ። ንጉሥ ቻርልስ ዳግማዊ በጥቅምት 1666 እ.ኤ.አ. «ቬስት» የሚባል አዲስ ልብስ ፋሽን እንዲሆን ወሰነ። የዘመኑ የባሕር ኃይል ሹም ሳሙኤል ፔፒስ ይህንን በዕለት ማስታወሻው ጽፎታል። ያኔ ረጅም ነበር፤ እያጠረ እያጠረ መጥቶ ወገብ ላይ ቆመ። «ቬስት» የምትለዋን ቃል ግን ይጠንቀቁ። አሜሪካ ያለ ዘመድዎን «ቬስት ላክልኝ» ቢሉት ሰደርያ ይልክልዎታል። ለንደን ያለው ግን ካኔተራ ነው የሚልክልዎ። (ካኔተራ ራሱ ከጣልያንኛ ነው፤ ከጀልባ ቀዛፊዎች ስም የወጣ።)

ሰደርያን የምደግፈው አገር በቀል ስለሆነ አይደለም፤ እንዳልሆነ አይተናል። ተለጣጭ ስለሆነ ነው። ፊቱ አንድ ቃል ማስቀደም ብቻ ነው። የሙሽራው ሰደርያ፣ የሹራብ ሰደርያ፣ አንጸባራቂ ሰደርያ፣ ጥይት የማይበሳው ሰደርያ። የእርስዎም ጥጥ የተሞላ ሰደርያ ይሆናል።

ፈረንሳይ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አሽከርካሪ ሁሉ መኪናው ውስጥ አንጸባራቂ ጂሌ እንዲይዝ ታስገድዳለች። ኅዳር 17 ቀን 2018 እ.ኤ.አ. የነዳጅ ግብር ያንገበገባቸው ሰዎች ያንኑ ቢጫ ልብስ ለብሰው አደባባይ ወጡ። «ቢጫ ሰደርያ ለባሾች» ሲባል ማንም ይገባዋል። «ቢጫ ጊሌቶች» ቢባልስ?

ከፈረንሳይኛ ሲተረጉሙ ግን እጅጌውን ይዩ። እነሱ ፊቱ በቁልፍ የሚዘጋውን ባለ እጅጌ ሹራብም ጂሌ ይሉታል። እጅጌ ካለው ሰደርያ አይደለም፤ ሹራብ ይበሉት።