33 አክሲዮን ይዞ ተስፋ ማድረግ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከጅማና ከዙሪያዋ የደረሱኝ ጥያቄዎች በአብዛኛው ስለ ኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን ናቸው። ጠያቂዎቹ ባለሀብቶች አይደሉም። ባጃጅ የሚነዱ፣ የሚያስተምሩ፣ ቡና የሚያመርቱ ናቸው። ሽያጩ ከጥቅምት 6 እስከ የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲካሄድ የአንዱ አክሲዮን ዋጋ 300 ብር ነበር። ከ33 በታች መግዛት አይቻልም ነበር፤ 9,900 ብር ማለት ነው። ከጻፉልኝ ብዙዎቹም ይህንኑ ትንሹን ነው የገዙት።

ጥያቄ፦ አጂፕ አካባቢ ባጃጅ እነዳለሁ። ነዳጅ የምቀዳው በቴሌብር ነው። ለእናቴ የምልከውም በቴሌብር ነው። ተሳፋሪው ራሱ «ቁጥርህን ንገረኝ» ነው የሚለኝ። ይህ ድርጅት ገና ብዙ እንደሚሄድ በዓይኔ እያየሁ ነው። ጓደኞቼ ግን «ብርህን ቀበርከው» ይሉኛል። ማን ነው ልክ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ያየኸው እውነት ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ተጀምሮ በጥቂት ዓመታት ከ50 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚ አፍርቷል። ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ የሚውል ሰው ይህን ከማንም ቀድሞ ያያል። እኔም እንዳንተ ተስፈኛ ነኝ።

አገልግሎቱን መውደድህ ግን የከፈልከው ዋጋ ተገቢ መሆኑን አይነግርህም። እስቲ እናስላው። ለሽያጭ የቀረበው 100 ሚሊዮን አክሲዮን የድርጅቱ 10 በመቶ ነው። ስለዚህ ጠቅላላው 1 ቢሊዮን አክሲዮን ነው። በ300 ብር ስታባዛው 300 ቢሊዮን ብር ይመጣል። አክሲዮኑን ስትገዛ ድርጅቱ ይህን ያህል ያወጣል ብለህ ተስማምተሃል።

አሁን ወደ ኪስህ እንምጣ። የባንክ ቁጠባ ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ ነው። 9,900 ብርህ ባንክ ቢቀመጥ በዓመት 693 ብር ይወልዳል። ከአክሲዮኑ ያንኑ ለማግኘት በእያንዳንዱ 21 ብር የትርፍ ድርሻ ሊደርስህ ይገባል። ለሁሉም አክሲዮን ሲታሰብ 21 ቢሊዮን ብር ነው። የትርፍ ድርሻ በታወጀ ቁጥር መጀመሪያ ከዚህች 21 ብር ጋር አስተያየው። ከዚያ ቢያንስም አትደንግጥ። የቀረው ትርፍ ለአዲስ ማማና ለፋይበር ከዋለ የድርጅቱን ዋጋ ሊያሳድገው ይችላል። ለምን እንደዋለ ግን ጠይቅ፤ ባለቤት ነህ።

ጥያቄ፦ መምህር ነኝ። የድርጅቱ ገቢ በ2016 በጀት ዓመት 93.7 ቢሊዮን ብር ነበር። በ2017 ወደ 162 ቢሊዮን ደረሰ። በአንድ ዓመት 73 በመቶ ገደማ ያደገ ድርጅት የት ይገኛል?

መልስ፦ ቁጥሩ ትክክል ነው፣ መምህር፤ ደስ የሚልም ነው። ሆኖም በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። የ2017 በጀት ዓመት ሲያልቅ ከ130 ብር አልፏል። ያ ሁሉ ገቢ ወደ ዶላር ሲመነዘር ጨምሯል ለማለት አይቻልም፤ እንዲያውም ይቀንሳል። ይህን የማነሳው የኔትወርክ መሣሪያ የሚገዛው በዶላር ስለሆነ ነው። የእኔ ተስፋ ያለው ደንበኛው ላይ ነው። በ2017 መጨረሻ 83.2 ሚሊዮን ደርሷል። ከእነዚህ መካከል ገና ከመደወል ያለፈ ያልተጠቀሙ አሉ። ኢንተርኔት ሲጀምሩ፣ «መላ» ከተባለው የቴሌብር ብድር ሲበደሩ፣ «ሳንዱቅ» በተባለው ቁጠባው ሲቆጥቡ ድርጅቱ አዲስ ደንበኛ ሳይፈልግ ያድጋል። በሚቀጥለው ዓመት ሪፖርት ከጠቅላላ ገቢው በፊት የኢንተርኔትና የቴሌብር ገቢ የትኛው እንደጨመረ ይዩ።

ጥያቄ፦ ሳፋሪኮም መጣ፣ ኤም-ፔሳ መጣ። የእኛ አክሲዮን አለቀለት ማለት ነው? (የዩኒቨርሲቲ ተማሪ)

መልስ፦ አላለቀለትም። ሳፋሪኮም አዲስ አበባ ሥራ የጀመረው በመስከረም 2015 ነው፤ የገንዘብ ማስተላለፊያው ኤም-ፔሳ በነሐሴው ተከተለ። ከ1887 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ተፎካካሪ የኖረ አገልግሎት ፉክክር ይጠቅመዋል ብዬ አምናለሁ። ደንበኛ ጥሎ መሄድ ሲችል ነው የሚደመጠው።

ጥያቄ፦ ማና ወረዳ ቡና አለኝ። የዘንድሮን ሽያጭ በሙሉ አክሲዮን ላይ ላውለው አስቤያለሁ። ልጆቼ «የወደፊቱ ቴክኖሎጂ ነው» ይሉኛል።

መልስ፦ አባቴ፣ በሙሉ አይሁን። ልጆችዎ ስለ ወደፊቱ ልክ ሊሆኑ ይችላሉ፤ የክረምቱ ወጪ ግን ወደፊትን አይጠብቅም። ሕመም ቢመጣ ወይም የትምህርት ቤት ክፍያ ቢደርስ አክሲዮን በአንድ ቀን ብር አይሆንም። አክሲዮን የሚገዛበትና የሚሸጥበት የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ የተከፈተው በጥር 2 ቀን 2017 ነው፤ ገና ለጋ ነው። ከቀረበው 100 ሚሊዮን አክሲዮንም የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ብቻ ነበር። በ300 ብር ገዢ ያጣ አክሲዮን እርስዎ ቸኩለው ሲሸጡት ወዲያው ገዢ ያገኛል ብዬ አልነግርዎትም። እስከሚቀጥለው ለቀማ የሚያቆይዎትን፣ ለማሳውና ለለቃሚው የሚያስፈልገውን አስቀድመው ያስቀምጡ። ከዚያ ከተረፈው፣ አምስት ዓመት ባያዩት የማይቸግርዎትን ያውሉት።

ጥያቄ፦ በቴሌግራም «የቴሌ አክሲዮን በቅናሽ» የሚል ሰው አገኘሁ።

መልስ፦ አትክፈዪው እህቴ። የአክሲዮን ባለቤትነት የሚተላለፈው በባለአክሲዮኖች መዝገብ ላይ ሲሰፍር ነው። ከማታውቂው ሰው በሚላክ ደረሰኝ አይተላለፍም። የቴሌብር ሚስጥር ቁጥርሽንም ለማንም አትስጪ።

ጥያቄ፦ እኛ ትንንሾቹ ምን ድምፅ አለን? መንግሥት ሁሉንም ይዞት የለም እንዴ?

መልስ፦ ከሞላ ጎደል ይዞታል። 47,377 ሰዎች የገዙት ተደምሮ ከድርጅቱ 1 በመቶ ትንሽ ቢያልፍ ነው። ቀሪው በኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ በኩል የመንግሥት ነው። በድምፅ ማንንም አናሸንፍም። ጥያቄ መጠየቅ ግን እንችላለን፤ በጣም የምጓጓለትም ይህ ነው። በጠቅላላ ጉባኤ የተነሳ ጥያቄ ቃለ ጉባኤ ላይ ይሰፍራል። ኦዲት የተደረገውን ሂሳብ አንብቡ። መብራት ሲጠፋ የገጠሩ ማማ ስንት ሰዓት ይቆያል? በቴሌብር ከሚሰጠው ብድር ያልተመለሰው ስንት ነው? ኪሳራው ብድሩን በሚሰጠው ባንክ ላይ ነው ወይስ በእኛም ላይ? ከጅማ የሄደ ባለአክሲዮን እነዚህን ቆሞ ቢጠይቅ ለ47,377ቱም ጠየቀ ማለት ነው። እባካችሁ የስብሰባ ጥሪ ሲመጣ አትዝለሉት።

ጥያቄ፦ የገዛሁት ለልጄ ብዬ ነው። እኔ ባልኖር ይደርሳታል?

መልስ፦ አክሲዮን ንብረት ነው፤ እንደ ማንኛውም ንብረት ይወረሳል። ችግር የሚመጣው ወራሹ መኖሩን ካላወቀ ነው። በየትኛው ስልክ ቁጥር እንደገዛሽ፣ ስምሽ በመታወቂያሽ ላይ እንዴት እንደተጻፈና ስንት አክሲዮን እንዳለሽ በወረቀት ጽፈሽ ከቤቱ ካርታ ጋር አስቀምጪው። ያለበትንም ለልጅሽ ዛሬ አሳያት።