ማሩ መቼ ይግባ? የበግ ጎድን በሶያ ሶስ

የማዕድ ቤት ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። አራት ኪሎ የምኖር የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ባለቤቴ ለንግድ ቻይና፣ ጓንዡ ሄዶ የበላውን፣ ላዩ የሚያብረቀርቅና ጣት ላይ የሚጣበቅ የጎድን ጥብስ እቤት እንድሠራለት ለመነኝ። በቪዲዮ ያገኘሁት አሠራር የአሳማ ጎድን የሚጠይቅ ነው፤ እኛ ደግሞ አሳማ አንበላም። በምትኩ የበግ ጎድን ገዝቼ በሶያ ሶስ፣ በማር፣ በዝንጅብልና በነጭ ሽንኩርት ዘፍዝፌ አሳደርኩትና በ200 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ ከተትኩት። አርባ ደቂቃ ሳይሞላ ላዩ ከሰል ሆነ፤ ሥጋው ግን ከአጥንቱ አልላቀቅ አለ። የበግ ሥጋ ለዚህ አሠራር አይሆንም ማለት ነው?

መልስ፦ ይሆናል እህቴ፣ ያውም አምሮበት። ጥፋቱ የበጉ አይደለም፤ ማሩ ያለ ጊዜው ገብቶ ነው።

በመጀመሪያ ስለ በጉ ልናገር፤ ብዙ ሰው የበግ ጎድን ሲሠራ የአሳማውን ምትክ እንደሚያቀርብ ሆኖ ያፍራል። የሚታፈርበት ምንም ነገር የለም። ቻይና ውስጥ በሺአንና በላንዡ የሚኖሩ ሙስሊሞች አሳማ ስለማይበሉ የበግን ጎድን ከእነሱ የተሻለ የሚያውቅበት የለም። ኮሪያውያን ካልቢ የሚሉት፣ በሶያ ሶስ፣ በነጭ ሽንኩርትና በሰሊጥ ዘይት የሚዘፈዘፈው ጥብስም ከጥንት የሚሠራው በበሬ ጎድን ነው። ስለዚህ ባለቤትዎ ፊት በሙሉ ልብ ያቅርቡት።

አሁን ወደ ቃጠሎው እንምጣ። ማር ውስጥ በብዛት ያለው የፍራፍሬ ስኳር ከ110 ዲግሪ ገደማ ጀምሮ መቅላት ይጀምራል፤ ተራው ስኳር ግን እስከ 160 ዲግሪ ይታገሣል። በ200 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ ማር የተቀባ ሥጋ አርባ ደቂቃ ቢቀመጥ ከማረር ሌላ ዕጣ የለውም። ጎድን ደግሞ በአርባ ደቂቃ የሚሸነፍ ሥጋ አይደለም። ሥጋውን ከአጥንቱ ጋር ያጣበቀው ነገር በአብዛኛው ኮላጅን ነው፤ ኮላጅን በእርጥበት ውስጥ ከ70 ዲግሪ በላይ ቆይቶ፣ ቀስ በቀስ እየሟሟ ጀላቲን ይሆናል። የእግር ሾርባ አድሮ ሲረጋ አይተው ከሆነ ጀላቲን ያ ነው። ጣትና ከንፈር ላይ የሚጣበቀው ያ የተመኙት ነገር በማር ብቻ አይመጣም፤ ግማሹ ሥራ የጎድኑ የራሱ መረቅ ነው። ለዚህ ነው ሥራው ሁለት ጊዜ የሚሠራው፤ መጀመሪያ ያለ ማር በቀስታ መቀቀል፣ ከዚያ በማር ማቅላት።

ከተማችን ደግሞ የራሷ ጠባይ አላት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። በባሕር ዳርቻ ከተማ የተጻፈ አሠራር "አንድ ሰዓት ይቀቀል" ካለ እዚህ አንድ ሰዓት ተኩል ቢያስቡ ይሻላል። ፕሬዠር ድስት ካለዎት ግን ከፍታው ብዙም አያሳስብዎትም።

ሥጋ ቤት ሲሄዱ ጎድኑ በመጥረቢያ እንዳይመታ ይንገሯቸው። መጥረቢያ አጥንቱን ይሰባብረዋል፤ ስብርባሪው መረቁ ውስጥ ገብቶ የልጅ ጥርስ ሊያገኘው ይችላል። የአጥንት መጋዝ ያለው ቤት ፈልገው በመዳፍ ልክ ያስቆርጡት። ከአንድ የጠገበ በግ ሁለት ኪሎ ጎድን ለአምስት ሰው ይበቃል። እቤት ሲደርሱ የጎድኑን የውስጥ ጎን ይመልከቱ። አጥንቶቹን ያለበሰ ነጭ፣ ስስ ሽፋን አለ። በቢላዋ ጫፍ ከአንዱ ጥግ ብድግ አድርገው በደረቅ ጨርቅ ጨብጠው ይሳቡት፤ አንድ ላይ ተገፎ ይመጣል። እሱ ካልወጣ ቅመም ወደ ውስጥ አይዘልቅም፤ ሲበሉትም ጥርስ ላይ ይንገላታል።

ሥጋውን በድስት ደርድረው 100 ሚሊ ሊትር ሶያ ሶስ፣ የአውራ ጣት የምታህል የተቀጠቀጠች ዝንጅብል፣ ስድስት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፣ ለሁለት የተከፈለ አንድ ቀይ ሽንኩርት፣ አንድ ስባሪ ቀረፋ፣ ሦስት ፍሬ ቅርንፉድና አንድ ማንኪያ እንስላል ይጨምሩበት። ውኃው ሥጋውን ለጥቂት ሳይሸፍነው ይቅር። ጨው በጭራሽ አይጨምሩ፤ ሶያ ሶሱ ብቻውን 15 ግራም ያህል ጨው ይዞ ገብቷል። ቻይናውያን አምስቱን ቅመም የሚሉት ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፣ እንስላል፣ ኮከብ የሚመስለው ቅመምና ምላስ የሚያደነዝዘው የሲቹዋን ቁንዶ በርበሬ ነው። ሦስቱ መርካቶ ሞልተዋል። ኮከቡን የእስያ ሸቀጥ የሚይዙ ሱፐርማርኬቶች ውስጥ ካገኙ አንዷ ፍሬ ትበቃለች። በሲቹዋኑ ፈንታ እኔ ሁለት ፍሬ ጥምዝ እጨምራለሁ፤ ጣዕሙ ሌላ ነው፣ ግን ከበግ ጋር ይስማማል። ኮረሪማ አይጨምሩ። ኮረሪማን እወዳለሁ፤ እዚህ ድስት ውስጥ ከገባ ግን ሌላውን ሁሉ አስረስቶ ወጥ ወጥ ያሸተዋል።

መፍላት ሲጀምር እሳቱን ቀንሰው፣ ከድነው አንድ ሰዓት ተኩል ያቆዩት። በፕሬዠር ከሆነ ማፏጨት ከጀመረ በኋላ ሰላሳ አምስት ደቂቃ ይበቃል። አጥንቱን ይዘው ሲነቀንቁት ሥጋው እሺ ካለ፣ ግን ካልወደቀ፣ ደርሷል። ከወደቀ አልፏል፤ ኦቨን ውስጥ ይፈራርስብዎታል። በነገራችን ላይ በበሬ ጎድን ወይም በፍሪምባ የሚሠራ ሰው ሦስት ሰዓት ይመድብ፤ ያረጀ የእርሻ በሬ ከሆነ ከዚያም በላይ።

ሥጋውን በጥንቃቄ አውጥተው መረቁን ያጥልሉት፤ ከዚያም ያቀዝቅዙት። ይህን ቸል ያለ ሰው በኋላ ይቆጨዋል። የአሳማ ስብ ለስላሳ ነው፤ የበግ ሞራ ግን ሳህን ላይ እንዳረፈ ይረጋል፣ ላንቃንም ይሸፍናል። መረቁ ፍሪጅ ሲያድር ሞራው ከላይ እንደ ነጭ ክዳን ይቆማል፤ አንስተው ይጣሉት። ከሥሩ የቀረው የሚንቀጠቀጥ ቡናማ መረቅ ነው፤ ዋናው ሀብት እሱ ነው። ለእንግዳ ከሆነ እንግዲህ አንድ ቀን ቀደም ብለው ይቀቅሉት።

በማግስቱ ከመረቁ ግማሹን ብቻ በሰፊ መጥበሻ ያፍሉት፤ ሁሉንም ካጠፈፉት ጨው ይሆናል። የቀረው ለሩዝ ይሁንልዎት። አረፋው መጀመሪያ ትንንሽና ፈጣን ነው፤ ውኃው እያለቀ ሲሄድ ትልልቅና ዘገምተኛ ይሆናል። ያኔ አራት የሾርባ ማንኪያ የተጣራ ማርና ሁለት ማንኪያ ኮምጣጤ ይጨምሩ። ሰም ያለበት የገበያ ማር ከሆነ አስቀድመው ያጥልሉት፤ ሰሙ ላዩን ያደበዝዘዋል። ማንኪያውን ነክረው በጀርባው ላይ ጣትዎን ያሳልፉ፤ የጣትዎ መንገድ ሳይከደን ከቆየ ይበቃዋል። ጎድኑን ቀብተው በ220 ዲግሪ ኦቨን አምስት ደቂቃ፣ አውጥተው እንደገና ቀብተው አምስት ደቂቃ፣ ለሦስተኛ ጊዜም እንዲሁ። በዚህ ጊዜ ከኦቨኑ ፊት አይነሡ፤ ስልክ ቢጠራም ይጥራ። ጠርዙ ጠቆር ማለት ሲጀምር ያውጡትና የተቆላ የሁመራ ሰሊጥ ይበትኑበት።

ጥያቄ፦ ልደታ ኮንዶሚኒየም የምኖር ወንደላጤ ነኝ። ኦቨን የለኝም፤ መብራትም ይቆራረጣል። ይህን ዓይነት ጎድን ልሞክር ወይስ ልተወው?

መልስ፦ ይሞክሩት ወንድሜ። ረጅሙን ሥራ ቡታጋዝ ላይ በፕሬዠር ይጨርሱት፤ ለመብራት መጥፋት አይጋለጡም። ማቅላቱንም መጥበሻ ይችለዋል፤ መረቁና ማሩ ሲወፍር ጎድኑን እዚያው ውስጥ ያስገቡና በመካከለኛ እሳት እያገላበጡ ያልብሱት። እንደ ኦቨኑ ጠርዙ አይጠቁርም፣ ጣዕሙ ግን አይጎድልም። ከሰል ካማረዎት በረንዳ ላይ ብቻ ይሁን። ከሰል በተዘጋ ክፍል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ሰው ይገድላል። ፍሙ አመድ ሲለብስ ጎድኑን ያኑሩ፤ ነበልባል ካየ ማሩ ወዲያው ያርራል።

ጥያቄ፦ አሰላሙ ዐለይኩም። ከፒያሳ ነው የምጽፈው። ያየሁት አሠራር ሁሉ የሩዝ ወይን ይጨምራል። ያለ እሱ ይሆናል? ሶያ ሶስስ ውስጥ አልኮል አለ የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ ወዐለይኩሙ ሰላም እህቴ። ወይኑን ሙሉ በሙሉ ይተዉት። ሥራው የሥጋውን ጠረን ማለዘብ ነው፤ ዝንጅብሉን ቢያበዙና አንድ ማንኪያ ኮምጣጤ ከጥቂት ስኳር ጋር ቢጨምሩ ይተካዋል። ስለ ሶያ ሶሱ የሰሙት እውነት ነው። በባህላዊው መንገድ አኩሪ አተርና ስንዴ ለወራት ተብላልቶ ሲሠራ ጥቂት አልኮል በራሱ ይፈጠራል፤ አንዳንድ አምራቾችም እንዳይበላሽ ብለው ይጨምሩበታል። ስለዚህ ጠርሙሱን አዙረው ዝርዝሩን ያንብቡ፤ ሐላል የሚል ማረጋገጫ ያለውን ይምረጡ። የሚፈቀደውን መጠን በተመለከተ የሚጠይቁት የሃይማኖት አባት እንጂ ወጥ ቤት አይደለም።

ጥያቄ፦ ይኸው ቅብ ለጾም ይሆናል ወይ? ከካዛንቺስ።

መልስ፦ ይሆናል። የአጥንት መረቅ ስለማይኖር ግን የሚያጣብቀው ነገር ይጎድላል። በሩብ ሊትር ውኃ ውስጥ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ሶያ ሶስ፣ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት አፍልተው፣ በቀዝቃዛ ውኃ የተበጠበጠ አንድ የሻይ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች ያዋህዱት። ሲወፍር ስኳርና ኮምጣጤ ይከተላሉ። በዘይት የተጠበሰ እንጉዳይ ወይም አበባ ጎመን ውስጡ ያገላብጡና ሳይቀዘቅዝ ያቅርቡት፤ ስታርች ሲቀዘቅዝ ይደነድናል።