መሃሉ የተላጨ የኋላ ጎማ፣ ልቀይር ወይስ ልጠብቅ ላልከው

ወንድሜ፣ አጭሩ መልስ «ቀይረው» ነው። ክረምቱን አትጠብቅ።

ጥያቄህን እንደገባኝ ላስቀምጠው። ሞተርህ ቦክሰር የሚባለው ሞተር ሳይክል ነው። የኋላ ጎማው 14 ሺህ ኪሎ ሜትር ሄዷል። መሃሉ ተላጭቷል፣ ግራና ቀኙ ላይ ግን ጥርሱ እንዳለ ነው። ጎሚስታው «ምንም አይልም፣ ክረምቱን ያሻግርሃል» አለህ። ጓደኛህም «ጎኑ አዲስ የሆነ ጎማ አይጣልም» ብሎ ጨመረበት። አንተ ግን ልብህ አላመነም። ልብህ ልክ ነው።

እኔ ሐዋሳ ነው የምኖረው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሥራዬ ሞተር ላይ ነው። ጠዋት ወደ ይርጋለም፣ አንዳንዴም እስከ አለታ ወንዶ፣ ማታ መልስ። ስንት የኋላ ጎማ እንደጨረስኩ አልቆጠርኩም። ፊተኛው ይቆያል፤ እኔ ጋ ሁለት የኋላ ሲያልቅ አንድ የፊት ነው የሚያልቀው። ሰንሰለቱ የሚጎትተው ኋላውን ነው፣ ከሰውም ከዕቃውም የሚበዛው ክብደት የሚያርፈው እሱ ላይ ነው።

ጓደኛህ የተሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ቀጥ ብለህ ስትሄድ፣ ፍሬን ስትይዝ፣ ውሃ ስትሻገር መሬት የሚነካው መሃሉ ነው። ጎኑ መሬት የሚያገኘው ኩርባ ላይ ዘንበል ስትል ብቻ ነው። ስለዚህ ጎኑ ላይ የቀረው ጥርስ ዝናብ ላይ ፍሬን ስትይዝ አይደርስልህም።

ደግሞ መሃሉ ብቻውን ሲበላ ጎማው ክብነቱን ያጣል፣ ጠፍጣፋ ይሆናል። ኩርባ ስትገባ መጀመሪያ «አልተኛም» ይልሃል፣ ከዚያ ጠርዙን ሲያልፍ ድንገት ዘፍ ይላል። ቀስ በቀስ ስለሚመጣ ትለምደዋለህ። አዲስ ጎማ ያስገጠምክ ቀን ነው የሚገባህ። «ሞተሬ ቀለለኝ» ትላለህ፣ ሞተሩ ግን ያው ነው።

አሁን ለካው። መጀመሪያ በጥርሶቹ መሃል ያለውን ቦይ ከጭቃና ከጠጠር አጽዳ፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይበቃል። ከዚያ የጎማውን ጎን እየዞርክ እይ። አንዲት ትንሽ ሦስት ማዕዘን ወይም «ቲ ደብሊው አይ» የሚሉ ፊደሎች ታገኛለህ። ከምልክቷ ትይዩ ቦይው ውስጥ ትንሽ ጉብታ አለች። ጥርሱ ከጉብታዋ እኩል ከሆነ ጎማው አልቋል፣ ክርክር የለውም። ጉብታዋን ካጣሃት የክብሪት እንጨት መሃለኛው ቦይ ውስጥ አቁም፣ የጥርሱ ጫፍ የደረሰበትን በጥፍርህ ያዝና በማስመሪያ ለካ። እንግሊዝ አገር ለሞተር ሕጉ ከ1 ሚሊ ሜትር በታች አይፈቅድም፣ ጀርመን ደግሞ 1.6 ነው። እኔ ግን ሰኔ ከገባ ከ2 በታች በሆነ ጎማ ከቤት አልወጣም። ፈሪ በለኝ።

ፈሪ የሆንኩት በምክንያት ነው። ሰኔ 2013 ላይ ጎማዬ ልክ እንዳንተ ሆኖ ነበር። እኔም «ደመወዝ እስኪወጣ» እያልኩ ነበር። ዝናቡ ገና ካፊያ ነው፣ አቧራውን በደንብ እንኳ አላጠበውም። ኮብልስቶኑ ላይ ከፊቴ ያለው ባጃጅ ተሳፋሪ አይቶ ቀጥ አለ። ፍሬን ያዝኩ። የኋላው ጎማ ሳሙና እንደረገጠ ሰው ወደ ጎን ሄደና ሊቀድመኝ ደረሰ። ከዚያ እኔም ሞተሩም በየፊናችን ተንሸራተትን። ሱሪዬ ከጉልበቱ ተቀደደ። የባጃጁ ሹፌር ዱብ ብሎ ወረደና መጀመሪያ ያየው የኋላ መብራቱን ነበር፣ እኔን አይደለም።

ሞተሩን እየገፋሁ ሰፈሬ ካለው ጎሚስታ ጋ ሄድኩ። ሸምገል ያለ ሰው ነው፣ ጋሼ ነው የምለው። አንድ ካላማዳሪ ሳፋ ውሃ ውስጥ ነክሮ አረፋ ይፈልጋል። እጁን በሱሪው ጠረገና ተነሣ። በአውራ ጣቱ የጎማዬን መሃል አሸት አሸት አደረገው። «ይሄ እኮ ከሞተ ወር ሆኖታል» አለኝ። «አንተ ነህ ያልቀበርከው።»

ታዲያ ጥርስ ብቻ አይደለም የሚታየው። ጎማ ሳይበላም ያረጃል። በጥርሶቹ ሥርና በጎኑ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ካየህ፣ ላስቲኩን በጥፍርህ ስትጫነው እንደ ቀንድ ከደረቀ፣ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም እርጥብ መንገድ አይዝልህም። ጎኑ ላይ እብጠት ካለ ወይም ክሩ ከታየ ደግሞ እዚያው አቁመው። በአንድ ሳምንት ሁለቴ ከተበሳብህም ሚስማሩን አትሳደብ። ጎማው ስለሳሳ የግራር እሾህም ይበቃዋል። የእኛ ሞተሮች አብዛኞቹ ባለካላማዳሪ ናቸው፤ ሲበሳ ነፋሱ በአንዴ ነው የሚወጣው።

ስለ እርጅና ካነሣን የራሴን ጉድ ልንገርህ። ጎማው ጎን ላይ «ዶት» (DOT) ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት ቁጥሮች አሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የተመረተበት ሳምንት፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱ ናቸው። ይህን ጋሼ ነበር ያስተማረኝ። የካቲት 2014 ላይ የፊት ጎማ ልገዛ አንድ ሱቅ ገባሁ። ጎማው 1814 ይላል። አሥራ ስምንተኛ ሳምንት፣ 14 ዓመተ ምሕረት። ከመስከረም ጀምሬ ስቆጥር ጥር መግቢያ ላይ መጣልኝ። ከፋብሪካ በወጣ በወሩ እጄ ገባ ብዬ ደስ አለኝ። አልተከራከርኩም፣ የተጠራውን ከፍዬ ወጣሁ።

ጋሼ ሊገጥምልኝ አነሣና ቁጥሩን አየ። ከዚያ እኔን አየ። «ቻይናና ህንድ መስከረም አንድ ቀን እንቁጣጣሽ ያከብራሉ?» አለኝ።

ቁጥሩ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው ለካ! 2014 የእነሱ ማለት ነው። አሥራ ስምንተኛው ሳምንት በእኛ ሚያዝያ 2006 ላይ ይውላል። «ትኩስ» ያልኩት ጎማ ስምንተኛ ዓመቱን ሊደፍን ነበር። ልመልስ ብሄድ «ያልተነዳ ጎማ አዲስ ነው» አሉኝ። ገንዘቤ ሄዶ ስለነበር ገጠምኩት። አምስት ወር ሳይሞላ ስንጥቅ በስንጥቅ ሆነ፣ እርጥብ መንገድ ላይም እንደ ፕላስቲክ ነበር። ክረምቱን እየተጨነቅኩ ከርሜ ጣልኩት። ትላልቆቹ አምራቾች ከአምስት ዓመት በኋላ በየዓመቱ አስመርምሩ፣ ከአሥር ዓመት በላይ ግን ጥርሱ ቢኖርም አትንዱበት ነው የሚሉት። ያ ጎማ በር ላይ ፀሐይ ሲመታው ስንት ዓመት እንደተንጠለጠለ እንጃ። አንተ ስትገዛ ፈረንጆቹ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት እንደሚቀድሙን እያሰብክ አስላ። ሻጩ «ጎማ አያረጅም» ካለህ ሌላ ሱቅ ሂድ።

ነፋሱንም እይ። አስፋልት ላይ ቀጥ ብሎ ለሚነዳ ሰው መሃሉ ቀድሞ መበላቱ ያለ ነው። ግን ነፋስ ከልክ በላይ ሲሞላ ይብሳል፤ ጎማው ይነፋና በመሃሉ ብቻ ይቆማል። አንዳንዱ ልጅ በጌጅ አይለካም፣ በእግሩ መታ መታ አድርጎ «በቃው» ይላል። እኔ በጌጁ የPSI ቁጥር ፊት 25፣ ኋላ 28፣ ሰው ስጭን ኋላውን 32 ነው የማስሞላው። አንተ ሞተርህ ላይ የተለጠፈውን ወይም መመሪያው ላይ ያለውን ተከተል። ጠዋት ጎማው ሳይግል አስለካ።

ስታስቀይር ካላማዳሪውንም አብረህ ቀይር። አሥር ቦታ የተለጠፈ ካላማዳሪ አዲስ ጎማ ውስጥ መክተት ቁጠባ አይደለም። ጎኑ ላይ ያለችው ቀስት ጎማው ወደሚዞርበት፣ ወደ ፊት መሆኗን ራስህ ቆመህ እይ፤ እኔን አንዴ ተለማማጅ ልጅ ገልብጦ ገጥሞልኝ ያውቃል። የመጀመሪያዎቹን 150 ኪሎ ሜትር ረጋ በል፣ አዲስ ጎማ ገጹ እስኪሻክር ያዳልጣል። በጋለ ብረት ጥርስ እናውጣልህ የሚሉህን እሺ እንዳትል። የቀረችውን ላስቲክ ነው የሚቆርጡብህ። ከውስጥ የአሮጌ ጎማ ቁራጭ ደርቦ መንዳትም ያው ነው፤ እኔ አንዴ ሞክሬው መሪው እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ነው የቆየሁት።

ዋጋውን አልጽፍልህም፣ ዛሬ ብጽፈው ለነገ አይሠራም። ሁለት ሦስት ሱቅ ዞር ዞር በል። ከመክፈልህ በፊት አራቱን ቁጥሮች ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፣ አብረን እንቆጥራለን።